ለቅሶዬን ያልደረሰች ሸሪኬ ልታስወጣኝ ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ካላት አንባቢያችን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅም ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔና ጓደኛዬ ሱቅ ከከፈትን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እኩል በእኩል ነን። ከሸሪክም በላይ እህቴ ነበረች። ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ፣ የልጄም የክርስትና እናት እሷ ናት።

አባቴ ግንቦት ላይ ደሴ አረፈ። ጓደኛዬ ለቅሶ አልደረሰችኝም። ለቀብሩ አልመጣችም፣ ለሰልስቱም አልመጣችም። አዲስ አበባ ተመልሼ ስቀመጥም እዝን በእህቷ ልጅ እጅ ልካ እሷ ቀረች። ቴሌግራም ላይ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ብላ ጻፈችልኝ፤ በቃ። እኔም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልደወልኩላትም።

ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ የምናወራው ስለ ዕቃ ብቻ ነው። ስጽፍላት ‹እሺ› ትለኛለች። አንዳንዴ ሁለቱ ራይት እየታየ እስከ ማታ አትመልስም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ አትገባም፤ ‹ጉዳይ አለብኝ› ነው የምትለው። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከዋናው ሸማኔያችን ጋር ብቻዋን ቁጭ ብላ ስታወራ እንዳየቻት ነገረችኝ። አሁን ገባኝ። ሸማኔውን ይዛ የራሷን ልትከፍት፣ እኔን ልታስወጣኝ ነው። ለቅሶ የቀረችውም ዓይኔን ማየት ከብዷት ነው።

የአክስቴ ልጅ ድርሻዬን የሚገዛ ሰው አግኝታልኛለች። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ግን እስከ ጳጉሜን 3 መልስ ይፈልጋል። እናቴ ‹ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር› ትላለች። ባለቤቴ ተረጋጊ ይለኛል። ቀድሜ ልውጣ ወይስ እስክትገፋኝ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባት ማጣት በሦስት ወር የሚለመድ ነገር አይደለም።

ደግሞም የለቅሶውን ነገር ማንም እንዲያቃልልብሽ አትፍቀጂ። እኛ አገር ሰርግ የቀረ ሰው ሰበብ ደርድሮ ያመልጣል። ለቅሶ የቀረ ግን ዕድሜ ልኩን ይነሳበታል። ዘጠኝ ዓመት አብራሽ የዋለች፣ ልጅሽን ክርስትና ያነሳች ሴት ስትቀር ያማል። መከፋትሽ ልክ ነው።

የጠየቅሽኝ ግን ስለ ለቅሶው አይደለም። ድርሻዬን ልሽጥ ወይ ነው ያልሽኝ። ከለቅሶው ተነስተሽ ሽያጩ ጋ እንዴት እንደደረስሽ ነው እኔን ያሳሰበኝ።

ደብዳቤሽን እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። በዓይንሽ ባየሽው ነገር ሥር መስመር አሰመርኩ። ለቅሶ አልመጣችም፤ አይተሻል። እዝን በሰው ላከች፤ አይተሻል። «እሺ» ብቻ ትላለች፤ ስልክሽ ላይ አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ትጠፋለች፤ ይህንንም አይተሻል። ሸማኔው ጋ መቀመጧን አላየሽም፤ ሰምተሻል። ምን እንዳወሩ ደግሞ የነገረችሽም አልሰማችም። ከዚያ «አሁን ገባኝ» የሚለው ቃልሽ ጋ ደረስኩ። እስክሪብቶዬ እዚያ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ ከጻፍሽው ውስጥ ማንም ያየው አንድም ነገር የለም። «ዓይኔን ማየት ከብዷት» ያልሽውን ማን አየ? «የራሷን ልትከፍት» ያልሽውንስ?

አንቺ ውሸታም ሆነሽ አይደለም። የሁላችንም አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ክፍት ቦታ አይወድም። የጎደለውን ራሱ ይሞላል፣ መሙላቱን ግን አይነግረንም። ብዙ ጊዜ ይጠቅመናል። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጣራ ሹፌሩን ሄደን «እውነት ወደ ሜክሲኮ ነህ?» አንለውም፤ ገምተን እንገባለን። ሁሉን ላጣራ ያለ ሰው ከቤቱም አይወጣም። ችግሩ የሚመጣው የዘጠኝ ዓመት ሸሪክነት ላይም እንደ ታክሲው ገምተን ስንገባ ነው። ያየነውና የሞላነው ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ መልክ ነው ያላቸው። ለይተን እስካላስቀመጥናቸው ድረስ ሁለቱም «የማውቀው» ይባላሉ።

እስቲ «እሺ» የምትለዋን ቃል እንያት። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ሰው አንድ ነገር ሲናገር ከሥሩ ሌላ ነገር መፈለግ እንደ ብልህነት ነው የሚቆጠርልን። ባለ ቅኔ ፊት ደግ ልማድ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ወርቅ የሌለው ሰም ብቻ ብዙ አለ። ደንበኛ እያነጋገረች፣ በአንድ እጇ ጥበብ እያጠፈች፣ በሌላው እጇ የጻፈችው «እሺ» ሊሆን ይችላል። ቁጣም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ይህን አይነግርሽም። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሌይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች በኢሜይል ግማሹን የምር፣ ግማሹን በስላቅ እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ጸሐፊዎቹ ከ100 መልእክት 78ቱን አንባቢው በትክክል ይረዳናል ብለው ገመቱ። አንባቢዎቹ በትክክል የለዩት 56 ያህሉን ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። የሚገርመው አንባቢዎቹም በትክክል እንደተረዱ እርግጠኛ ነበሩ። በድምፅ ሲሆን ግን ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ መጣ፤ የሰው ድምፅ ብዙ ነገር ይናገራላ። አንቺ ግን ከግንቦት ወዲህ የጓደኛሽን ልብ የምታነቢው ከሁለት ፊደል ነው።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። «እኔም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልደወልኩላትም» ብለሻል። አንቺ አለመደወልሽ ምክንያት አለው፤ ሐዘን። እሷ አለመምጣቷም ምክንያት አለው አልሽ፤ ክፋት። ያው አንድ ዓይነት ዝምታ ነው፣ ለአንቺ ሲሆን ሁኔታው፣ ለእሷ ሲሆን ጠባይዋ ተጠያቂ ሆነ። ሊ ሮስ የሚባል የስታንፎርድ የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዝንባሌ ስም እስከማውጣት ደርሷል። ሰው የሌላውን ድርጊት ሲያይ ያለበትን ሁኔታ ትቶ «እንዲህ ያለ ሰው ነው» ማለት ይቀናዋል። ምክንያቱም ቀላል ነው። የራሳችንን ቀን ከውስጥ እናውቀዋለን፤ ልጅ እንደታመመብን፣ እንቅልፍ እንዳጣን፣ ብር እንደጠፋ። የሌላው ሰው ቀን አይታየንም፤ የሚታየን ፊቱ ብቻ ነው።

አሁን አንቺን ወደ ራስሽ ልመልስሽ። የአንቺ ዓይን ራሱ በዚህ ሰሞን እንደ ወትሮው አይደለም። ሐዘንተኛ ነሽ። ያዘነ ሰው ዓለሙ ሁሉ ይጠቁርበታል፤ የጠቆረው ግን ዓለሙ ይመስለዋል። ኖርበርት ሽዋርዝና ጄራልድ ክሎር በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ። ፀሐይ በወጣበትና ዝናብ በዘነበበት ቀን ለሰዎች ስልክ እየደወሉ «በኑሮህ ምን ያህል ደስተኛ ነህ?» ብለው ጠየቁ። በዝናቡ ቀን የተጠየቁት ኑሯቸውን አሳንሰው ተናገሩ። ጠያቂው አስቀድሞ «እንዴት ነው እናንተ ጋ አየሩ?» ያላቸው ሰዎች ግን እንዲያ አላደረጉም። መጨፍገጋቸው ከየት እንደመጣ ሲያውቁት በኑሯቸው ላይ መለጠፉን ተዉት። ኋላ ብዙ ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት አየሩ ያን ያህል ኃይል እንዳለው አላገኘም፤ ስለዚህ የዝናቡን ነገር አላከርረውም። የምወድለት ያቺን ትንሽ ጥያቄ ነው። አንቺም ስለ ጓደኛሽ ከመወሰንሽ በፊት «የዛሬው ምሬቴ ስንቱ የእሷ፣ ስንቱ የአባቴ ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ጨረፍ አድርገሽ ያለፍሽው አንድ ነገር ግን ቀልቤን ይዞታል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት መጥፋት የጀመረችው ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሻል። አባትሽ ያረፈው ግንቦት ነው። ስለዚህ የሆነችው ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከለቅሶው በፊት ነው የጀመረው። ለቅሶ ያስቀራትና በሳምንት ሁለት ቀን ከሱቅ የሚያስወጣት አንድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ምንድን ነው? አላውቅም። እኔም ብሞላው እችላለሁ፤ ሕመም ነው፣ ዕዳ ነው፣ የቤት ጣጣ ነው እያልኩ። ግን የእኔም ግምት ከአንቺ ግምት በምንም አይበልጥም። ሁለታችንም የማናውቀውን የምታውቅ አንዲት ሴት ነች ያለችው፣ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም። በየሳምንቱ «ጉዳይ አለብኝ» ስትልሽ «የምን ጉዳይ?» ብለሽ አታውቂም። ድሮ ቢሆን ትጠይቂያት ነበር፣ አይደል?

ባለቤትሽ «ተረጋጊ» ይላል። ደግ ሰው ነው። ግን ሳይጠይቁ መረጋጋት ያው ሆድ ይፍጀው ነው። ሆድ ደግሞ የሰጡትን ሲፈጭ ያድራል። ጠዋት ስትነሺ ነገሩ ይበልጥ ተብላልቶ ታገኚዋለሽ።

እናትሽ በተረቱ አልተሳሳቱም። መጠርጠር ይገባል። ግን ገንፎው ውስጥ ስንጥር አለ ብሎ የጠረጠረ ሰው ምን ያደርጋል? በማንኪያ ያማስላል፣ ያያል። ሳህኑን አንስቶ አይደፋም። አንቺ እስካሁን አላማሰልሽም። ጥርጣሬሽን የሚደግፍ ነገር ስትለቅሚ ነው የከረምሽው፤ እሺ ስትል አንድ፣ ስትዘገይ ሁለት፣ ሸማኔው ጋ ስትታይ ሦስት።

ይህም የአንቺ ብቻ አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ፒተር ዋሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ 29 ተማሪዎች ሰብስቦ «2፣ 4፣ 6» የሚሉ ቁጥሮች ሰጣቸው። «እነዚህ አንድ ሕግ ይከተላሉ። የራሳችሁን ሦስት ሦስት ቁጥር እየሰጣችሁኝ ሕጉን ድረሱበት፤ ይከተላል ወይ አይከተልም እላችኋለሁ» አላቸው። ተማሪው «8፣ 10፣ 12» ይላል። ይከተላል። «20፣ 22፣ 24» ይላል። ይከተላል። «አገኘሁት፤ ሁለት ሁለት እየጨመሩ መሄድ ነው!» ይላል። ስህተት። ሕጉ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄዳቸው ብቻ ነበር። «1፣ 5፣ 9» ብሎ የሞከረ ሰው «ይከተላል» ሲባል ግምቱ ስህተት እንደሆነ ወዲያው ያውቅ ነበር። ሳይሳሳቱ ሕጉን ያገኙት 6 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሞኞች አልነበሩም። «አዎ» የሚያስብል ጥያቄ እየደጋገሙ፣ «አይ» ሊያስብል የሚችለውን ሳይሞክሩ እርግጠኛ ሆኑ እንጂ።

የአንቺ «አይ» የት ነው ያለው? እኔ ሒሳቡ ውስጥ ነው እላለሁ። እንዲህ ረጅም ደብዳቤ ጽፈሽ ስለ ገንዘብ አንድ መስመር የለበትም። እንደ ነጋዴ አስቢ። የራሷን ልትከፍት የተነሳች ሴት ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚሸጥ ልብስ በጋራ ገንዘብ ታዛለች? ደንበኞቻችሁን ወደ ጋራው ሱቅ ትጠራለች? የገቢና ወጪ ደብተሩን ገልጠሽ ከፋሲካ ወዲህ ያለውን እይ። ለሸማኔው የተከፈለውን ተመልከቺ። ለበዓሉ ያዘዘችው ካለ በማን ስም፣ ለየትኛው ሱቅ እንደሆነ አጣሪ። ደብተሩ ንጹሕ ከሆነ ጥርጣሬሽ ትልቁን ምሰሶ ያጣል። ክፍተት ካለውም ጥሩ፤ ቢያንስ በእጅሽ የያዝሽው ነገር ይኖራል፣ በ«እሺ» ላይ አትከራከሪም።

ከዚያ ትጠይቂያታለሽ። በቴሌግራም አይሆንም። ደንበኛ ሲወጣና ሲገባ ሱቅ ውስጥም አይሆንም። ሽማግሌ ልላክ ትይ ይሆናል፤ እኔ አልመክርም፣ ለአሁኑ። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው። እናንተ ገና አልተጣላችሁም፣ ተኳርፋችሁ ነው። ሽማግሌ ይዘሽ ከመጣሽ አስቀድመሽ እንደፈረድሽባት ነው የሚገባት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ ሂጂ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ልጆች አውሩ። ከዚያ «ለአባዬ ለቅሶ ስትቀሪብኝ በጣም ከፋኝ። ምን ሆነሽ ነበር?» በያት። ይህን ብለሽ ዝም በይ። «ለምን ቀረሽ?» አትበያት፤ እሱ የዳኛ ጥያቄ ነው፣ ሰው ይከላከላል። ሸማኔውንም መጀመሪያ አታንሺው። እሷ ራሷ ካነሳችው ብዙ ነገር ይነግርሻል። ካላነሳችው መጨረሻ ላይ «ከሸማኔያችን ጋር አዲስ ነገር አለ እንዴ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ፤ ማን እንደነገረሽ ሳትጠቅሺ።

ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፊ። ምን ብትለኝ፣ ደብተሩስ ምን ቢያሳየኝ እቀጥላለሁ? ምን ከሆነ እሸጣለሁ? ቅዳሜ ማታ ጽፈሽ አስቀምጪው። እሁድ ስትመለሺ ልብሽ የሰማሽውን ሁሉ ወደፈለገበት ሊያጣምመው ይሞክራል። ብታለቅስ «አስመስላ ነው»፣ ባታለቅስ «ደንዳና ናት» ማለት ይመጣል። ወረቀቱ ቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ይይዝሻል።

ደግሞ ሁለቱን ውሳኔ አታደበላልቂ። ለለቅሶው በቂ ምክንያት ኖሯት ሸሪክነቱ ግን ያበቃለት ሊሆን ይችላል። እንደ ጓደኛ አስቀይማሽ እንደ ነጋዴ ግን ታማኝ ልትሆንም ትችላለች። የአባትሽን ለቅሶ በሱቅ ድርሻ ማስከፈል አይቻልም፤ ዋጋው አይመጣጠንም።

አሁን ስለ ገዢው። በደብዳቤሽ ስለ እሱ የጻፍሽው ከጓደኛሽ «እሺ» ያነሰ ነው። ማን ነው? ሽሮ ሜዳ ሱቅ አለው? ብሩን ከየት ያመጣል? ለምን እስከ ጳጉሜን 3? የበዓሉ ገበያ የሚደምቀው በዚያው ሰሞን አይደለም ወይ? የአክስትሽ ልጅ ሸማኔውን አየሁ ያለችሽም፣ ገዢውን ያመጣችልሽም እሷው ናት። ክፉ ናት አላልኩም። እንዲያ ካልኩ ያንቺኑ ሥራ ሠራሁ ማለት ነው። ግን እናትሽ ጠርጥሪ ካሉሽ ዘጠኝ ዓመት የምታውቂያትን እየጠረጠርሽ የማታውቂውን ሰው ማመንሽ ምን የሚሉት ጥርጣሬ ነው? እሷንም «የት አየሻቸው? ምን ሰዓት? ገዢውንስ በምን አወቅሽው?» ብለሽ በወጉ ጠይቂያት። ደላላ ክፍያ ካለም ይታወቅ።

የሸሪክነት ውላችሁንም አውጥተሽ ለጠበቃ አሳዪ። ድርሻን ለውጭ ሰው ለመሸጥ የሸሪክ ፈቃድ የሚጠይቅ አንቀጽ ካለው ጓደኛሽን ሳታነጋግሪ የምታደርጊው ሽያጭ ፍርድ ቤት ሊያመላልስሽ ይችላል። እስከዚያው ቀብድ እንዳትቀበዪ። ገዢው ዋጋውን በጽሑፍ ይስጥሽ፤ እስከ መስቀል ማግሥት ጠብቀኝ በዪው። እምቢ ካለ ይሂድ። ዘጠኝ ዓመት የቆመ የሽሮ ሜዳ ሱቅ በጥቅምትም ገዢ አያጣም።